የዌልስ ገላ በጃፓን አንገትጌ፦ ለትራውት የሚሆን ዝንብ ከመጀመሪያው ክር እስከ ወንዙ

ትራውት የቀዝቃዛና የጠራ ወንዝ ዓሣ ነው። ከምግቡ ብዙውን ውኃው ይዞለት ይመጣል፦ ጢንዚዛ፣ የውኃ ዝንብ፣ ዕጭ፣ ጉንዳን። ላባና ክር መንጠቆ ላይ አስሮ እነዚህን ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ መሥራት በብዙ አገር የቆየ ጥበብ ነው፤ አጥማጆች ይህን ማጥመጃ ዝንብ ይሉታል። ከእነዚህ ውስጥ እኔ ከሁሉ የምወዳቸው ሁለቱ ናቸው፦ የዌልስ ተራሮችና የጃፓን ተራሮች ዝንቦች። እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ሁለቱም ትንሽ፣ ጠቆር ያለ፣ በጥቂት ነገር የሚሠራ ዝንብ ላይ ደርሰዋል። የሚለያዩበትም ነገር አለ፤ ሁለቱን ማዳቀል ዋጋ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች አንድ ዝንብ ከመጀመሪያው ዙር ክር እስከ መጨረሻው ቋጠሮ አሳያችኋለሁ። ገላው ዌልሳዊ ነው፣ አንገትጌው ጃፓናዊ። አንገትጌ የምለው ላባው በመንጠቆው ዙሪያ ተጠምጥሞ የሚፈጥረውን የጸጉር ቀለበት ነው። ሁለት ባህል ሲቀላቀል ሰው የሚፈተነው ሁሉንም ነገር አንድ መንጠቆ ላይ ለመጫን ነው፤ ጭራም፣ ክንፍም፣ ሁለት አንገትጌም። ያ ዝንብ ሲታይ ያምራል፣ ውኃ ውስጥ ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ከዌልስ የምንወስደው የገላውን ብርሃን ብቻ ነው፣ ከጃፓን ደግሞ የአንገትጌውን እንቅስቃሴ ብቻ። የቀረውን እንተዋለን።

ከየት እንደመጡ

በዌልስ ኮረብታዎች ሰኔ አካባቢ አንዲት ጢንዚዛ ከፈርንና ከሣር መሀል በብዛት ትወጣለች። ርዝመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የክንፍ ሽፋኗ ቀይ ቡናማ፣ ራሷና ደረቷ ደግሞ እንደ ብረት የሚያበራ አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲነሳ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ ትወድቃለች፤ ትራውቱም ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን ይለቅማል። ለዚህች ጢንዚዛ የተሠራው ኮኽ-አ-ቦንዲ የተባለው ዝንብ ነው። ገላው የጣዎስ (የፒኮክ) ጭራ ዘለላ፣ ማለትም ከላባው አገዳ የሚወጣው ጸጉራም ክር፣ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የወርቅ ክር ይታያል፣ ላባው ደግሞ መሀሉና ጫፉ ጥቁር የሆነ ቀይ የዶሮ ላባ ነው። የጣዎስ ዘለላ በዌልስ ዝንቦች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ዲያውል ባኽ የሚባለውና ዛሬ በመላው ብሪታንያ ሐይቆች የሚጣለው ቀጭን ዝንብም ገላው ያው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንዱ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ነሐስማና ወይን ጠጅ ቀለም እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ ይፈራረቃሉ። ይህን የሚተካ የተቀባ ክር እስካሁን አላየሁም።

በጃፓን ዝንቡ ኬባሪ ይባላል፣ ያለ ማጠንጠኛ በረጅም ዘንግ ብቻ የሚጠመድበት ዘዴ ደግሞ ቴንካራ። የተራራ ወንዝ ዓሣ እያጠመዱ ለፍል ውኃ ማረፊያ ቤቶች በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰዎች ያዳበሩት ሥራ ነው። ዓሣዎቹ ኢዋና፣ ያማሜና አማጎ የተባሉ የትራውት ዘመዶች ናቸው። ለእነዚያ አጥማጆች ጊዜ ገንዘብ ነበር። ዝንብ ቶሎ መታሰር፣ በቀላሉ አለመበጠስና በየትኛውም ወንዝ መሥራት ነበረበት፤ ስለዚህ አንድን ነፍሳት በትክክል ለመምሰል አልተጨነቁም። ትኩረታቸው እንቅስቃሴው ላይ ነበር። ሳካሳ ኬባሪ በሚባለው ዓይነት ላይ ላባው እንደ አውሮፓው ወደ መንጠቆው ኋላ አይተኛም። ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ፊት፣ ወደ መንጠቆው ቀዳዳ ያዘነብላል። ዘንጉን ትንሽ ከፍ ስታደርጉ ጸጉሩ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ስትለቁት ይከፈታል። ከሩቅ ለሚያየው ዓሣ ይህ መታጠፍና መከፈት ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል። ወደ ፊት የተከፈተው ጸጉር ሌላም ሥራ አለው፦ ጅረቱን ይይዛል፣ ስለዚህ ዝንቡ በፈጣን ውኃ ውስጥ ቶሎ አይወሰድም።

ጃፓን ውስጥ በጣም የረቀቀ የዝንብ ሥራም አለ። በካናዛዋ ከተማ የሚሠራው የካጋ ኬባሪ አዩ ለተባለው ዓሣ የሚሆን ሲሆን በወርቅ ቅጠልና በባሕላዊ ሙጫ ያጌጣል። እዚያው ከተማ በ1575 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የመቦሶ ሐቺሮቤይ መርፌ ቤት እስከ ዛሬ በዚህ ሙያ ይታወቃል። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመን ግን የተራራው ቀላል ኬባሪ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

መንጠቆ፦ ቁጥር 12፣ ግንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከመካከለኛ ወፍራም ሽቦ የተሠራ። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ አትርሱ። ጀማሪ ከሆናችሁ በቁጥር 10 ጀምሩ፤ ለዓይንም ለጣትም ይቀላል።

ክር፦ ጥቁር ወይም ጥቁር ቀይ፣ በጣም ቀጭን። ሐር ካገኛችሁ ሐር፤ ካልሆነ የዝንብ ማሰሪያ ፖሊስተር። የተራ ስፌት ክር ወፍራም ስለሆነ ለመለማመጃ እንጂ ለወንዝ አይመከርም። ክሩን በንብ ሰም አንዴ አሹት። ሰም ያልነካው ክር ይንሸራተታል፣ በሰም የታሸ ግን እጃችሁን ብትለቁ እንኳ ባለበት ይቆያል።

የጣዎስ ጭራ፦ ለአንድ ዝንብ ሦስት ዘለላ ይበቃል። ከጭራው ጫፍ ካለው ዓይን መሰል ክብ ትንሽ ዝቅ ብለው ያሉት ዘለላዎች ጸጉራቸው የበዛ ነው፤ እነሱን ምረጡ።

የወርቅ ክር፦ ለሙካሽ ሥራ የሚሸጠው ቀጭን ወርቃማ ክር ይሆናል። ከዚህ ሌላ እንደ ጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። የተበላሸ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅል ፈታ አድርጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ላባ፦ ምርጫው ብዙ የሚታሰብበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ለዚህ ዝንብ የሚያስፈልገው የሴት ዶሮ የአንገት ላባ ነው፣ ቀይ ሆኖ መሀሉ ጥቁር። የአውራ ዶሮ ላባ ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ ይሆናል፤ የሴቷ ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። አገር ቤት ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። የሐበሻ ዶሮ የላባ ዓይነት ሌሎች አጥማጆች በብዙ ገንዘብ የሚገዙት ሀብት ነው፦ ቀይ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ጥቁር፣ ሁሉም በየገበያው አለ። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ የፈላ ውኃ ከመፍሰሱ በፊት የአንገቱንና የጀርባውን ላባ ንቀሉ፤ የፈላ ውኃ የነካው ላባ ይኮማተራል፣ አገዳውም ይሰነጠቃል። በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ለጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አቆዩት። ብል ሳይታይ ገብቶ ያጠራቀማችሁትን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ላላችሁ፣ ዌልሶች የሚወዱት ነጠብጣብ የቆቅ ላባም በዝንብ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ለላባ ተብሎ የዱር ወፍ መገደል የለበትም። ድንበር ስታሻግሩም የወፍ ላባ በብዙ አገር ፍተሻ የሚደረግበት ነገር መሆኑን አስታውሱ።

መሣሪያ፦ ትንሽ የዝንብ ሞርሳ፣ የክር መያዣ ቱቦ (ቦቢን)፣ ጫፉ ሹል ትንሽ መቀስ፣ መርፌ፣ ላባ የምትይዙበት ትንሽ መቆንጠጫ፣ ፒንሳ፣ ግልጽ የጥፍር ቀለም። ሞርሳ ከሌላችሁ የእጅ ሞርሳ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ብታስሩ ይሠራል። ሁለቱም አገር የጥንት ሰዎች መንጠቆውን በጣታቸው ይዘው ያስሩ ነበር።

አሠራሩ

1. የመንጠቆውን እሾህ መጨፍለቅ። መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁ። ዓሣውን ሳትጎዱ ትለቁታላችሁ፣ ልብሳችሁ ወይም ጣታችሁ ላይ ቢሰካም በቀላሉ ይወጣል። ይህ ሥራ መጀመሪያ የሚደረገው አንዳንዱ መንጠቆ ሲጨፈለቅ ስለሚሰበር ነው፤ ዝንቡ ከታሰረ በኋላ ቢሰበር የደከማችሁበት ሁሉ ይባክናል። ከዚያ መንጠቆውን በቆልማማው በኩል ሞርሳው ላይ አጥብቁ፣ ግንዱ አግድም ቀጥ ይበል።

2. ራሱን መሥራት። የአውሮፓ ዝንብ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ይታሰራል፣ ላባውም መጨረሻ ላይ ይመጣል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ላባው አስቀድሞ ይታሰራል። ክሩን ከቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ጀምሩ። በስድስት ወይም በሰባት ዙር ትንሽና ለስላሳ ራስ ሥሩ። ቀዳዳውና ራሱ መሀል ያለችው ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ባዶ ትቅር፤ ወንዝ ዳር ቋጠሮ ስትቋጥሩ ታመሰግኗታላችሁ።

3. ላባውን ማዘጋጀት። ከአገዳው ሥር ያለውን ጥጥ መሰል ክፍል ንጩት። የቀረውን ጸጉር በጣታችሁ ወደ ሥሩ አበጥሩት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብቻ ሳይበጠር ይቆይ። የጸጉሩን ርዝመት ከመንጠቆው ጋር ለኩ፦ ከመንጠቆው ግንድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። ካነሰ አይንቀሳቀስም፤ ከእጥፍ በላይ ከረዘመ ደግሞ ዓሣው ጸጉሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

4. ላባውን ማሰር። ላባ ሁለት ፊት አለው፤ ውጪው ያበራል፣ ውስጡ ደብዘዝ ብሎ ትንሽ ይጎደጉዳል። ጎድጓዳው ፊት ወደ መንጠቆው ቀዳዳ፣ የሚያበራው ፊት ወደ ቆልማማው መዞር አለበት። ዝንቡ ወደ ፊት መከፈት አለመከፈቱ የሚወሰነው በዚህ ነው። አገዳውን ከራሱ ወደ ኋላ በሦስት ጠንካራ ዙር እሰሩት፤ ላባው ራሱ ወደ ላይ ቆሞ ይታይ።

5. መጠምጠም። የላባውን ጫፍ በመቆንጠጫው ይዛችሁ ልክ ከራሱ ኋላ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የዶሮው ጸጉር በጣም ከሳሳ ሦስተኛ ጨምሩ፣ ለቆቅ ላባ ግን ሁለት ይበቃል። በየዙሩ የቀደመውን ጸጉር በግራ እጃችሁ ጣቶች ወደ ፊት ያዙ፣ አለዚያ አዲሱ ዙር ይጫነዋል። ጫፉን ከኋላ በኩል በክር እሰሩና ትርፉን ቁረጡ።

6. ወደ ፊት ማዘንበል። ጣቶቻችሁን በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡ። በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ጸጉሩን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ሰብስቡና ቀዳዳውን አልፎ እንዲወጣ ያዙት። እንደያዛችሁ ክሩን ከአንገትጌው ሥር ወደ ኋላ አምጡና ልክ የጸጉሩን ግርጌ እየነካ አራት ወይም አምስት ጊዜ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። እነዚህ ዙሮች ትንሽ የክር ግድግዳ ይሠራሉ፤ ጸጉሩ በዚያ ይደገፋል። ልቀቁና ከጎን እዩት። ጸጉሩ ከግንዱ ጋር ወደ 45 ወይም 60 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት መቆም አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተኛ ግድግዳው ጸጉሩ ላይ ወጥቷል፤ አንድ ሁለት ዙር ፍቱ። ወደ ኋላ ከወደቀ ግድግዳው አልበቃም። ይህን ደረጃ ሳትቸኩሉ ድገሙት። ሌላው ሁሉ ቢያምርና ይህ ቢበላሽ ዝንቡ የተለመደ የአውሮፓ ዝንብ ሆኖ ይቀራል።

7. ወደ ኋላ መሄድ። ክሩን ዙር ከዙር እያነካካችሁ ወደ ቆልማማው መነሻ ውሰዱ። የታሰረው የአገዳ ጫፍ በዚሁ ይሸፈናል። የግንዱ ገጽ ለስላሳ ካልሆነ የሚመጣው ገላ ጉብታ ያወጣል።

8. የወርቁ ጫፍ። ወርቃማውን ክር እዚያው እሰሩና ሦስት ዙር አዙሩት። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይታይ። አስሩት፣ ቁረጡት። የጣዎሱ ዘለላ ሲጨመር ይህች ብልጭታ ከኋላው ትታያለች። ከዚህ በላይ ወርቅ ማብዛት አያስፈልግም።

9. የጣዎሱ ገላ። የዌልሱ ክፍል እዚህ ነው። መጀመሪያ የመዳቡን ሽቦ እሰሩና ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ሦስቱን ዘለላዎች አሰልፉ፣ ከጫፋቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፤ ጫፉ ቀጭንና ተሰባሪ ነው። የተቆረጡትን ጫፎች እሰሩ። ከዚያ ሦስቱን ከክሩ ጋር አንድ ላይ ይዛችሁ ግመዷቸው፣ አንድ ጸጉራም ገመድ እስኪሆኑ ድረስ። ስትጠመጥሙ የሚፈታ ከሆነ በተቃራኒው አቅጣጫ ግመዱት። ክሩ ውስጡ ስላለ ይህ ገመድ ብቻውን ካለ ዘለላ እጅግ ይጠነክራል። ወደ ፊት ስድስት ወይም ሰባት ዙር አዙሩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ጠጋ አድርጓቸው፣ ገላው ወደ አንገትጌው ሲቀርብ ትንሽ እንዲወፍር። ጢንዚዛዋም በደረቷ በኩል ወፈር ትላለች። ከክሩ ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀራችሁ አቁሙ።

10. ሽቦው። የመዳቡን ሽቦ ገላው ከተጠመጠመበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሦስት ወይም አራት ጊዜ አሻግሩት። በተመሳሳይ አቅጣጫ ከሄደ ዘለላው ውስጥ ይሰምጣል፤ በተቃራኒ ከሄደ እያንዳንዱን ዙር ይቆልፈዋል። የትራውት ጥርስ ደቃቅ ነው ግን ስለታም፣ ሽቦ የሌለውን የጣዎስ ገላ በጥቂት ዓሣ ይበጣጥሰዋል። ሽቦውን እሰሩና በመቀስ ሳይሆን ወዲህ ወዲያ እያጠፋችሁ ስበሩት፤ ሽቦ የመቀስን ስለት ይገድላል።

11. መቋጨት። በአውሮፓ ዝንብ የመጨረሻው ቋጠሮ ቀዳዳው ጋ ይደረጋል፣ ጸጉሩም እየገባ ያስቸግራል። እዚህ ግን ጸጉሩ ወደ ፊት ስለሄደ በገላውና በአንገትጌው መሀል ክፍት ቦታ አለ። እዚያው ክሩን በራሱ ላይ አራት ጊዜ የሚጠመጥመውን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፣ ሳቡ፣ ቁረጡ። የመርፌ ጫፍ ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም አድርጋችሁ ቋጠሮውን ብቻ ንኩት። ራሱንም እንዲሁ። ጸጉሩን ከነካው ይደርቃል፣ ስለዚህ መርፌው ላይ ያለውን መጀመሪያ ጥፍራችሁ ላይ ቀንሱት።

ከሞርሳው ሳታወጡት በጣታችሁ ጸጉሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ልቀቁት። ወዲያው ወደ ፊት መመለስ አለበት። ከዚያ ናይለን አስራችሁ ግልጽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ንከሩትና በቀስታ ሳብ ለቀቅ አድርጉት። ጸጉሩ ሲታጠፍና ሲከፈት፣ የጣዎሱም ቀለም ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ብርጭቆ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ዝንብ ወንዝ ውስጥም አይንቀሳቀስም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላባው ዙር መብዛቱ ነው።

ከዚህ ዝንብ የሚወጡ ሌሎች

ያው አሠራር በሌላ ገላ ይሠራል። ከጥንቸል ፊት ላይ አጭርና ሻካራ ጸጉር ቆንጥራችሁ በሰም በታሸ ክር ላይ በአውራና በሌባ ጣት አሹት፤ ጸጉሩ ክሩ ላይ ይፈተላል። ይህን ሳስቶ ጠምጥሙና ነጠብጣብ የቆቅ ወይም የጅግራ ላባ አንገትጌ ስጡት። ከውኃ ለሚወጡ ቡናማ ዝንቦች ጥሩ ነው። ጃፓኖች በጥንቸል ፈንታ ዜንማይ ከሚባለው የፈርን ተክል ቡቃያ ላይ የሚገኘውን ለስላሳ ጸጉር ይፈትላሉ፤ ውኃ ሲነካው ትንንሽ የአየር አረፋ ይይዛል። ዌልስም በፈርን የተሞላች አገር ናትና ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ለደፈረሰ ውኃ ገላውን በጥቁር ክር ብቻ ሥሩትና ገብስማ ላባ ጨምሩ፤ ጥቁርና ነጩ ከሩቅ ይለያል። በጣም ለጠራና ዝቅ ላለ ውኃ ደግሞ ቁጥር 14 መንጠቆ፣ አንድ ዘለላ ጣዎስ፣ አንድ ዙር ተኩል ላባ።

ሥራው የገባው ሰው ቀዳዳ የሌለውን መንጠቆ ይሞክር። የጥንቱ ኬባሪ መንጠቆ ቀዳዳ አልነበረውም፤ የሐር ገመድ እጥፍ ግንዱ ላይ ታስሮ እንደ ቀዳዳ ያገለግል ነበር። የብሪታንያ የጥንት ዝንቦችም መንጠቆአቸው ቀዳዳ ሳይኖረው በፈረስ ጭራ ወይም በአንጀት ክር ላይ በቀጥታ ይታሰሩ ነበር። ጠንካራ ሐር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እጠፉ፣ ሁለቱን ጫፎች ግንዱ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ እጥፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይውጣ። ዝንቡ ሐሩ ላይ እየተንቀሳቀሰ ከብረት ቀዳዳ የበለጠ ነፃ ይሆናል። ሐሩ ሲያረጅ ግን ዓሣ ይዞባችሁ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ሁልጊዜ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት።

ወንዝ ላይ

ይህን ዝንብ ለመጣል የሚመቸው የቴንካራ ዘንግ ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ቴንካራ ዩኤስኤ የተባለ ኩባንያ በአሜሪካ ማስተዋወቅ ከጀመረ ወዲህ ከጃፓን ውጭም በቀላሉ ይገኛል። ዘንጉ 3.6 ሜትር፣ ጫፉ ላይ የሚታሰረው መስመር ያንኑ ያህል፣ ከዚያ አንድ ሜትር የሚሆን 0.16 ሚሊ ሜትር ናይለን። ከ0.18 አትለፉ፤ ናይለኑ ከዘንጉ ጫፍ ከጠነከረ የሚሰበረው ዘንጉ ነው።

ቋጠሮ ስትቋጥሩ ወደ ፊት የቆመው ጸጉር ይገባባችኋል። አንድ ሴንቲ ሜትር የመጠጫ ፕላስቲክ ቱቦ በጎኑ ሰንጥቃችሁ ያዙ። በቀዳዳው በኩል አሳልፋችሁ ጸጉሩን ወደ ኋላ ሰብስቡበት፣ ቋጥሩ፣ ቱቦውን በስንጥቁ በኩል አውጡት።

ከታች ወደ ላይ ሂዱ፤ ትራውት አፍንጫውን ወደ ጅረቱ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው ትመጣላችሁ። ጎንበስ በሉ፣ ጥላችሁ ውኃው ላይ አይውደቅ። ዝንቡን ከድንጋይ ኋላ ያለች የረጋች ቦታ ራስጌ ላይ ጣሉ፤ መስመሩ ከውኃው በላይ ይንጠልጠል፣ ውኃ የሚነካው ዝንቡና ናይለኑ ብቻ ይሁን። እንዲሰምጥ ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ በእጅ አንጓ ብቻ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ ተዉት፣ ከውኃው ጋር ይሂድ። ዓሣው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እንቅስቃሴው ባቆመበት ቅጽበት ነው። መስመሩ ከቆመ ወይም ወደ ጎን ከተሳበ ዘንጉን በቀስታ አንሱ፤ መንጨቅ አያስፈልግም።

ሰፋ ባለ ወንዝ የዌልሱን መንገድ ተጠቀሙ። ዲ፣ አስክና ታይቪ በተባሉት የዌልስ ወንዞች ላይ እንደሚደረገው ወደ ማዶና ወደ ታች ጥላችሁ ዝንቡ በግማሽ ክብ ወደ እናንተ ዳርቻ እንዲዞር ተዉት። የእኛ ዝንብ እዚህ ከዌልሱ ይሻላል እላለሁ፤ ጅረቱ ሲጎትተው የአውሮፓው ጸጉር ገላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ የእኛ ግን እየታጠፈና እየተከፈተ ይዞራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ቦታ ባሌ ነው። ቡናማውና ቀስተ ደመናው ትራውት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀዋል፤ ወይብና ዳንካ ዛሬም ይኖሩባቸዋል። ውኃው ቀዝቃዛ፣ ድንጋያማና ጠባብ ስለሆነ ለአጭር መስመርና ለአንድ ዝንብ የተሠራ ይመስላል። ከብሔራዊ ፓርኩ ፈቃድ ሳትይዙ አትግቡ። እዚያ በጣዎሱ ዝንብ ጀምሩ፣ ካልያዘ ወደ ገብስማው እለፉ። ዌልስም ጃፓንም ላላችሁ ፈቃድ የግድ ነው፤ የተራራ ወንዝ ትራውት ወቅት በሁለቱም አገር በአብዛኛው ማርች ላይ ተከፍቶ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል።

ስትመለሱ ዝንቡን እርጥብ ሆኖ ሣጥን ውስጥ አትክደኑበት፤ መንጠቆው ይዝጋል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዝንቦችም ይጎዳሉ። ሣጥኑን ክፍት አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠፍጣፋ ሣጥን የአንገትጌውን ጸጉር ስለሚጨፈልቅ ጥልቀት ያለው ምረጡ። የተጨፈለቀ ካለ መንጠቆውን በፒንሳ ይዛችሁ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ በላይ ባለው እንፋሎት ለጥቂት ሰከንድ አቆዩት፤ ጸጉሩ ራሱ ተነስቶ ወደ ፊት ይመለሳል።